የግድግዳ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት፦ በአዳማ ብርሃን እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሞከራል?

ሱቅ ውስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ ክሬም የነበረው ቀለም ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲወጣ ቢጫ ይሆናል። ግራጫ ተብሎ የተገዛው ደግሞ ማታ መብራት ሲበራ ሰማያዊ ይመስላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቀቢው ወይም በሻጩ ይላከካል፤ አንዳንዴ እውነትም የእነሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ያው ነው። የተለወጠው የሚያርፍበት ብርሃን፣ ከሥሩ ያለው ወለልና የሸፈነው ስፋት ነው።

ቀለም የራሱ ብርሃን የለውም። ከመስኮት ወይም ከአምፖል የመጣውን ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል፤ ዓይናችን የሚያየው የተመለሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ብርሃን ሲለወጥ የሚመለሰውም ይለወጣል። በሱቅ መብራት ሥር አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች እቤት ሲደርሱ የሚለያዩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተቀየጡበት ማቅለሚያ የተለያየ ከሆነ በአንዱ ብርሃን ይገጥማሉ፣ በሌላው አይገጥሙም። የሶፋችሁን ጨርቅ ቁራጭ ይዛችሁ ሱቅ መሄድ መልካም ነው፤ ውሳኔው ግን ጨርቁና ቀለሙ ሳሎናችሁ ውስጥ ጎን ለጎን ከታዩ በኋላ ይሁን።

ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

በኢንተርኔት የምታነቧቸው አብዛኞቹ ምክሮች ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ቤቶች የተጻፉ ናቸው። ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ይፈልጋል፣ ወደ ደቡብ የሚያየው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል ይላሉ። ለእነሱ ትክክል ነው፤ ለእኛ ግን አይሠራም። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ትሆናለች፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በስተደቡብ። በሰኔ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ገደማ ታዘነብላለች።

ይህ ቤት ውስጥ ምን ማለት ነው? ጣሪያችሁ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ከሆነ፣ በሰኔ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ጥላው ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች 2.2 ሜትር ያህል ይወርዳል። ማለትም መስኮቱ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ግን የደቡቡ ጥላ ከ95 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ የታችኛው ክፍል ገብታ ወለሉ ላይ ታርፋለች፣ ከወለሉም ተመልሳ ግድግዳውን ታቀልማለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል እዚህ ዓመቱን ሙሉ የተረጋጋ ብርሃን አለው። ቀለም ለመምረጥ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፤ “ቀዝቃዛ ነው” ተብሎ ብርቱካናማ ሊቀባ አይገባም።

የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ ክፍሎች ናቸው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባበታል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትቃረብ ደግሞ ወርቃማ ብርሃን በአግድም ይገባበታል። በዚህ ብርሃን ክሬም ቢጫ ይሆናል፣ ቤዥ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ ፈዛዛ ሮዝ ደግሞ እንደ ሥጋ ይቀላል። በአዳማ ሙቀት እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከእውነተኛው የበለጠ ሙቀት ይሰማዋል። ለምዕራብ ክፍል ትንሽ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የገባበት ፈዛዛ ቀለም እንመርጣለን፤ ወርቃማው ብርሃን ሲያርፍበት ለስላሳ ነጭ ይሆናል እንጂ አይቃጠልም። ወደ ምሥራቅ የሚያየው ክፍል ጠዋት ሞቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ መኝታ ቤት ከሆነ ቀን የሚቀመጥበት ሰው ስለሌለ ያን ያህል አያሳስብም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። የውስጥ ግድግዳ ቀለም ቤቱን አያቀዘቅዝም፤ ሙቀቱ በብዛት የሚገባው በቆርቆሮው ጣሪያና በመስኮቱ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቀለም የሚለውጠው ስሜትን ነው።

አምፖሉን አስቀድሙ

ሳሎናችሁን በብዛት የምትጠቀሙት መቼ ነው? ሥራና ትምህርት የሚውል ቤተሰብ ከሆነ ግድግዳውን የሚያየው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ቀለሙን የሚወስነው ፀሐይ ሳይሆን አምፖል ነው። የኤልኢዲ አምፖል ካርቶን ላይ ኬልቪን የሚባል ቁጥር አለ። 2700 ወይም 3000 የተጻፈበት ቢጫ ብርሃን ይሰጣል፣ 4000 መካከለኛ ነው፣ 6500 የተጻፈበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የተሰቀለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ግራጫ ቀለሞች ማታ ሰማያዊ የሚመስሉትም፣ ክሬም ሞቅታውን አጥቶ የሚገረጣውም ከእሱ የተነሣ ነው። እዚያው ካርቶን ላይ የቀለም ታማኝነት መጠን (CRI ወይም Ra) ከተጻፈ 90 ከ80 ይሻላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወደፊት የምትጠቀሙበትን አምፖል ግዙና ስቀሉ፣ ከዚያ ቀለም ምረጡ። ቀለሙን ቀብቶ ኋላ አምፖል መለወጥ ቀለሙንም መለወጥ ነው። አሁን ያለውን ቀለም የጠላችሁት በአምፖሉ ምክንያት መሆኑንም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያኔ ወጪው የአንድ አምፖል ዋጋ ብቻ ነው።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚመጣው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ቀይ ሊሾ ወይም ቡናማ ሴራሚክ ወለል የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ያቀላል። በመስኮት በኩል በሁለት ሜትር ርቀት ላይ የጎረቤት ብርቱካናማ ግድግዳ ካለ ወደ ቤታችሁ የሚገባው ብርሃን ብርቱካናማ ነው። በራፍ ላይ ያለ የድሬዳዋ ዛፍ ወይም ኒም ቅጠሉ ሲበዛ አረንጓዴ ያደርገዋል። ሻጩ እነዚህን ሊያውቅ አይችልም፤ እናንተ ግን መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከመቶ ናሙና ወደ ሦስት

ነጭ፣ ኦፍዋይት፣ ክሬም፣ ግራጫ የሚባሉት ሁሉ ከሥራቸው ሌላ ቀለም አላቸው፦ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ። ለብቻው ሲታይ ይደበቃል። ለማጋለጥ ናሙናውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያም በዚያው ረድፍ ያለውን በጣም ጠቆር ያለ ናሙና እዩ። ፈዛዛው ግራጫ ከየትኛው ቤተሰብ እንደመጣ ጠቆር ያለው ይናገራል፦ ሐምራዊ ከሆነ ፈዛዛውም አራት ግድግዳ ሲሸፍን ሐምራዊነቱ ይወጣል። የሚወጣበት ምክንያት አለ፤ ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ብርሃን ይቀባበላሉ፣ በእያንዳንዱ ምላሽ ላይ ቀለሙ እየጠነከረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከወረቀት ላይ የወደዳችሁትን ሳይሆን በአንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ወይም ግራጫ ያለበትን እንድትሞክሩ የምንመክረው።

አንዳንድ ካታሎግ ከናሙናው ጀርባ ቀለሙ የሚመልሰውን ብርሃን ከ0 እስከ 100 በቁጥር ይገልጻል። ከ50 በታች ያለው ለትንሽ ክፍል ይጨልማል። ከ80 በላይ ያለው ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ዓይን ያጭበረብራል። ከ60 እስከ 75 ያለው ለአብዛኞቹ የአዳማ ክፍሎች ይመቻል።

አቧራውንም አትርሱ። በበጋ ነፋሱ ይዞት የሚመጣው አቧራ ፈዛዛ ነው። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ግድግዳ “ቆሻሻ ይደብቃል” ይባላል፤ ይህን አቧራ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። ንጹሕ ነጭም ማዕዘኖቹ ላይ ያጋልጠዋል። የሚደብቀው መካከለኛው፣ አሸዋማ ወይም ግራጫ የገባበት ፈዛዛ ቀለም ነው።

ሙከራው

ይህ የሥራው ልብ ነውና አትቸኩሉበት። ከሦስት በላይ ቀለም አትሞክሩ። ለእያንዳንዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሰሌዳ አዘጋጁ። የኤምዲኤፍ ወይም የቺፑድ ቁራጭ ከቤት ዕቃ ሠሪ ይገኛል፤ ወፍራም ካርቶንም ይሆናል፣ ነገር ግን የውሃ ቀለም በአንድ ወገን ሲቀባ ስለሚጣመም ጀርባውንም ቀቡት። ሰሌዳው ቡናማ ከሆነ መጀመሪያ አንድ እጅ ነጭ ይቀባ። አንድ ሰሌዳ ሁለት እጅ ሲቀባ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሩብ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ሱቁ በጣሳ ካልሆነ አልሸጥም ካለ ትንሹን ጣሳ ግዙ፤ ተሳስቶ ሙሉ ክፍል ከመቀባት ይረክሳል።

ለምን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሞከርም? ሦስት ምክንያት አለ። አሮጌው ቀለም ዙሪያውን ስለሚከበው ዓይን ይታለላል፤ ቢጫ ግድግዳ መሐል ያለ ግራጫ ሰማያዊ ይመስላል። ከዚያም የሙከራው ጠርዝ ከፍ ብሎ ይደርቅና በመጨረሻው ቀለም ሥር ይታያል፣ በተለይ አንጸባራቂ ከሆነ። ሰሌዳ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ ግድግዳ አይዞርም።

ስትቀቡ ዳር ዳሩን አራት ሳንቲ ሜትር ነጭ ተዉት። በአንደኛው ሰሌዳ መሐል በጥቁር እርሳስ ወፍራም መስመር አስምሩና በሁለት እጅ ሸፍኑት፤ ሲደርቅ መስመሩ ከታየ ቀለሙ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፣ ሦስተኛ እጅ ይጠይቃል። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ሌሎቹን የሚያደነድነው ነጩ ማቅለሚያ በእነሱ ውስጥ ጥቂት ነው። ሰሌዳው ላይ ግድግዳው በሚቀባበት ሮለርና በሚቀጥንበት የውሃ መጠን ተጠቀሙ። በብሩሽና በሮለር የተቀባ አንድ ቀለም አንድ አይመስልም።

በእርጥቡ አትፍረዱ። የውሃ ቀለም በአብዛኛው ሲደርቅ ይጠቁራል፤ 24 ሰዓት ስጡት። ከዚያ ሰሌዳውን አቁሙት፣ ወለል ላይ አታስተኙት፤ የተኛ ነገር ከቆመ ግድግዳ የተለየ ብርሃን ይቀበላል። አንዱን ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ አቁሙ። የኋለኛው የክፍሉ ጨለማ ግድግዳ ነውና ቀለሙ እዚያ የቆሸሸ ከመሰለ መልሱን አገኛችሁ። ከዚያ ሁለቱን ሰሌዳዎች እንደ ማዕዘን አጋጥማችሁ እዩ፤ መጋጠሚያው ላይ የምታዩት ጠንከር ያለ ቀለም ሙሉው ክፍል ሲቀባ የሚመጣውን ያመለክታል።

በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተመልከቱ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት መጋረጃ ዘግታችሁ። ሦስቱን ቀለሞች ጎን ለጎን ደርድራችሁ ከሆነ ዓይን ማወዳደር እንጂ ማየት አይችልም፤ አንዱን ለብቻው አቁማችሁ ሌሎቹን ከክፍሉ አውጡ። ሶፋው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ በቦታቸው ይሁኑ። ሁሉንም ሰዓት የሚያምር ቀለም ብርቅ ነው። ክፍሉን በምትጠቀሙበት ሰዓት የሚያምረውንና በሌላው ሰዓት የማያስጠላውን ምረጡ።

የኮርኒሱን ነጭም አብራችሁ ፈትሹ። ሞቅ ካለ ክሬም አጠገብ የተቀመጠ ንጹሕ ነጭ ኮርኒስ ሰማያዊ ይመስላል፤ የግድግዳው ቀለም ጠብታ የገባበት ነጭ ይሻላል።

የውሃ ቀለም፣ የዘይት ቀለም፣ አንጸባራቂነት

አንድ ስም ያለው ቀለም በውሃና በዘይት ሲመረት አንድ አይመጣም። ኮሪደርና ሳሎን ታችኛው ክፍል እስከ 1.2 ወይም 1.5 ሜትር በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በውሃ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ሁለቱንም በሰሌዳ ሞክሩ። አንጸባራቂ ቀለም ጠለቅ ብሎ ይታያል፤ የልስኑንም ጉድለት ሁሉ ያወጣል። የማያንጸባርቀው ጉድለት ይሸፍናል፤ ሲታጠብ ግን ይፋቃል። የወባ ትንኝ ባለባት ከተማ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የተመታ ትንኝ ደም ምልክት መቅረቱ አይቀርምና፣ ለመኝታ ቤት በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ፣ ግማሽ አንጸባራቂ ፕላስቲክ ቀለም እንመርጣለን። ማጽዳት መቻሉን ለማወቅ ሰሌዳውን ከሁለት ሳምንት በኋላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ጨርቁ ከቀለመ ግድግዳውም እንዲሁ ይለቃል።

ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቁም ሳጥን ጀርባ፣ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የዘይቱ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ለመኝታ ቤት ነጭ ግድግዳ የዘይት ቀለም አይመከርም።

የድሮ የዘይት ቀለም ስትፍቁ ተጠንቀቁ። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ የሆኑት እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርባቸው ይችላል፤ የአገራችን ሕግ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ቢወስንም ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ አሁንም አለ። በደረቁ አትፈግፍጉ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሳችሁ ሥሩ፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከቤት አርቁ። ቤቱ የወባ መከላከያ ኬሚካል የሚረጭበት ከሆነ ደግሞ የቀለም ሥራው ከርጭቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ ከተረጨ በኋላ ከተቀባ ለወራት የሚሠራውን ኬሚካል ይሸፍነዋል።

ግድግዳው ዝግጁ ካልሆነ

በጥንቃቄ የተመረጠ ቀለም ባልደረቀ ልስን ላይ ይበላሻል። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። አዲስ ሲሚንቶ አንዳንድ ማቅለሚያ ያቃጥላል፤ ሰማያዊው ቦታ ቦታ ላይ ይነጣል፣ ከውስጥ የሚወጣ ጨውም ቀለሙን ይገፋዋል። ለማረጋገጥ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ከሥሩ ጤዛ ካገኛችሁ ጊዜው አልደረሰም። የበዓል ሥራ በጳጉሜ የሚጀምር ብዙ ቤት ይህን ይዘላል፤ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ለመጨረስ ከፈለጋችሁ ሙከራውን በነሐሴ መጀመሪያ ጀምሩት።

ቡና በሚፈላበት ጥግ የከሰልና የዕጣን ጭስ ግድግዳውን ያጠቁረዋል። በላዩ የውሃ ቀለም ቢደረብ ቡናማው ተመልሶ ይወጣል። በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ በዘይት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ይታተም። ስቱኮ የተለበጠ ቦታም ያለ ፕራይመር ቀለሙን ስለሚመጥ ጠቆርና ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ሰው ቀለሙ ተበላሸ የሚለው ያኔ ነው።

ምን ያህል ይገዛ?

4 በ4 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.8 የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 44.8 ካሬ ነው። አንድ በር 1.9፣ አንድ መስኮት 1.8 ሲቀነስ 41 ይቀራል። ሁለት እጅ 82 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ከ8 ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለብክነት አንድ አሥረኛ ጨምራችሁ 9 ሊትር ያዙ። ሸካራ ግድግዳ ከሆነ በ8 አካፍሉ። ቀቢው ቀለሙ እንዲበረክት ከጣሳው መመሪያ በላይ ውሃ ከጨመረ ያተረፈው የለም፤ የቀጠነ ቀለም አሮጌውን አይሸፍንም፣ ሲታጠብም ይለቃል። የውሃውን መጠን ከመጀመሪያው ተስማሙበት፤ በሊትር ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚገባም ይለካ።

ጣሳዎቹ የአንድ ምርት ቁጥር ይኑራቸው። እንዲያም ሆኖ ሁሉንም ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ ደባልቁ፤ በጣሳና በጣሳ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት መሐል ግድግዳ ላይ ከወጣ አይጠፋም። ማቅለሚያ በእጅ የሚጨመር ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ በስሪንጅ ለክታችሁ መጠኑን ጻፉ፣ ከጠብታ ጀምራችሁ ጨምሩ፣ እያንዳንዱን ጭማሪ በካርቶን ላይ አድርቃችሁ ተመልከቱ። በእጅ የተቀየጠ ቀለም ካለቀ ተመሳሳዩን ማግኘት አይቻልምና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየጥ። የግድ መሐል ላይ የሚያልቅ ከሆነም መቀባቱ የግድግዳው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይቁም።

ሲጨረስ ግማሽ ሊትር አስቀሩ። አየር እንዳይኖር እስከ አፉ በሚሞላ ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አኑሩት፤ በላዩም የቀለሙን ቁጥር፣ የተቀባበትን ቀንና የገባውን ውሃ ጻፉ። ግድግዳው ሲጫር በዚያው ዓይነት ሮለር፣ ትንሽ በትንሽ እየነካካችሁ አድሱት፤ በብሩሽ ከሆነ ቀለሙ ያው ሆኖ እንኳ ምልክቱ ይታያል።